ከጉና እስከ ጣና ውሃ ስለካ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ገበያ ላይ የሚያገኙኝ ሴቶች «ለመሆኑ ሥራሽ ምን ነበር?» ይሉኛል። «የውሃ ሙቀት እለካ ነበር» ስላቸው መጀመሪያ የቀለድኩ ይመስላቸዋል። ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ጎረቤቴማ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት «ደሞ ውሃ ያተኩሰዋል እንዴ? ምች መትቶት ነው?» ብላኛለች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ነገሩ ግን እውነት ነው። የዕድሜዬን እኩሌታ ከጉና ተራራ ሥር ከሚፈልቁት ምንጮች እስከ ጣና ዳርቻ ድረስ ወንዝ ለወንዝ እየዞርኩ የውሃ ሙቀት ስለካ ነው የኖርኩት። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም፣ ውሎ አበሉም እየዘገየ ነበር የሚመጣው፤ እሱን እንተወው። የማወራው ስለ ውሃው ነው።

ሥራውን የጀመርኩት መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ በሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት እዚያው ደብረ ታቦር፣ በውሃ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ የጽሕፈት መኪናውን ስቀጠቅጥ፣ በመስኮቴ በኩል ጋሼ ይርጋ የሚባሉ የመስክ ቴክኒሺያን ቦት ጫማቸውን እያራገፉ ሲገቡና ሲወጡ አያለሁ። ጭቃ ለብሰው ይመጣሉ፤ ፊታቸው ግን ሁልጊዜ ከሠርግ የተመለሰ ሰው ፊት ነበር። አብሯቸው የሚሠራው ሰው ወደ ባሕር ዳር ሲዛወር ምትክ ጠፋ። አንድ ቀን ጽሑፍ ሊያስመቱ መጥተው ከጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙና፣

«ዝማም፣ እግርሽ ደህና ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው ጋሼ፤ ምነው?»

«እንግዲያ እዚህ ጠረጴዛ ሥር ታጥፎ ምን ይሠራል?»

የዚያን ጊዜው ኃላፊያችን ነገሩን ሲሰሙ አልጣማቸውም። «ሴት ልጅ ወንዝ ለወንዝ ስትዞር ትውላለች? ጎርፍ አለ፣ ገደል አለ፤ ሰዉስ ምን ይላል?» አሉ። ጋሼ ይርጋ ባርኔጣቸውን አውልቀው በትሕትና «ጌታዬ፣ በዚህ አገር ሲነጋም ሲመሽም ወንዝ ሲወርድ የኖረው ማን ሆነና ነው?» ብለው መለሱላቸው። ኃላፊው ሳቁ። «እሺ፣ ለጊዜው ትሞክር» አሉ። ሙከራዬ እስከ ጡረታዬ ድረስ ቀጠለ።

መጀመሪያ የወሰዱኝ ጉማራ ወንዝ ነው። ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ጋሼ ይርጋ ወደ ውሃው ከመቅረባቸው በፊት ከዳር ቆመው «እንደምን ዋላችሁ! ውሃችሁን ትንሽ ልናይ ነበር» አሉ። ሴቶቹም «እዩ፣ እዩ» አሏቸው። እኔ ግን ግራ ገባኝ።

«ጋሼ፣ የመንግሥት ሥራ አይደለም እንዴ? ፈቃድ ምን ያደርጋል?»

«ሰው ደጅ ስትደርሺ ‹ቤቶች!› ትዪ የለም?» አሉኝ። ወንዝም ሆነ ምንጭ፣ የሚቀዳበት ሰው ካለ ሳያስፈቅዱ ገብተው አያውቁም። ሰው ከሌለ ደግሞ እንዲሁ ለባዶው «ቤቶች» ብለው ይገባሉ። ይህን ልማዳቸውን መጀመሪያ ስቄበት ነበር፤ በኋላ እኔንም ያዘኝ።

መለኪያችን በናስ ቱቦ ውስጥ የሚቀመጥ የብርጭቆ ቴርሞሜትር ነበር። ያን ቀን ሲሰጡኝ ውሃው ውስጥ ነከር አድርጌ አወጣሁትና ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ላነብ ስል «አወጣሽው!» ብለው ጮኹ። «አሁን የምታነቢው የንፋሱን ነው። ውሃው ያለሽን የምትሰሚው እዚያው ውሃው ውስጥ እያለ ነው።» ከዚያ ቦት ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ከዳር ከተኛው ውሃ አልፈው የሚፈሰው መስመር ላይ ቆሙ። ፀሐይን ከጀርባቸው አደረጉና የገዛ ጥላቸውን ቴርሞሜትሩ ላይ ጣሉበት። ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ከመስመሩ ጋር ትክክል አደረጉ። ከዚያ መጠበቅ ነው። በልጅነታቸው ድቁና ነበራቸውና የሚጠብቁት በሰዓት አልነበረም፤ ቀስ እያሉ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ፤ ሲጨርሱ እንደገና፣ ከዚያም እንደገና። «ሰዓት ያስቸኩላል» ይሉ ነበር። «በጸሎት ከቸኮልሽ ግን ነውሩ ይታወቅሻል።»

የሚለካውስ ለምንድን ነው? ይህን የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። ውሃ ሲሞቅ ዓሣው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ዓሣ አጥማጁ ጣና ላይ መረቡን የት እንደሚጥል ይቸገራል። ከወንዝ ዳር ዛፉ ሲቆረጥ ውሃው ፀሐይ ይመታውና በዓመት በዓመቱ ሲሞቅ ይታያል። የምንጭ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ጋሼ ይርጋ ያስረዱኝ በእንስራ ነው። ደጅ ያደረ እንስራ ማለዳ ይበርዳል፣ እኩለ ቀን ይሞቃል። ጓዳ ያለው እንስራ ግን ማለዳም ቀትርም ያው ነው። ከምድር ጥልቅ የሚመጣ ውሃ የጓዳው ነው፤ ክረምትም በጋም አያውቅም። ከላይ ከላይ የሚሰርገው ግን የደጁ ነው፤ ፀሐይን ተከትሎ ይለዋወጣል፣ ዝናብ ሲቀርም አብሮ ይቀራል።

እንዲህ ዓይነት ሥራ ደስ አይልም የሚል ሰው ካለ ከእኔ ጋር አንድ ቀን ቢውል እወድ ነበር። ማለዳ ጉና ሥር ስንደርስ አመዳዩ ሣሩን ነጭ አድርጎት፣ ገብሱ ላይ ፀሐይ ገና ሳትወጣ፣ እግሬን ውሃ ውስጥ ስከት የኔ መሆኑን እስክረሳው ድረስ ይደነዝዛል። ከዚያ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ቁልቁል እንወርዳለን። ከሰዓት በኋላ ፎገራ ሜዳ ላይ የሩዝ ማሳ ውስጥ ቆሜ ውሃው ለብ ብሎ እግሬን ሲያሸው ሌላ አገር የደረስኩ ይመስለኛል። አንዳንዴ ማምሻው ላይ ታንኳ ተከራይተን ጣና ላይ እንገባለን። ጋሼ ይርጋ መዋኘት አይችሉም ነበር። ታንኳዋ በተወዛወዘች ቁጥር በአንድ እጃቸው መለኪያው የታሰረበትን ገመድ፣ በሌላው የእኔን ነጠላ ይይዛሉ። «ጋሼ፣ እኔም እኮ ዋና አልችልም» ስላቸው «ተይው፣ ብቻዬን ከመስመጥ ይሻላል» ብለው ታንኳ ቀዛፊውን በሳቅ ሊገለብጡት ነበር።

አንድ ሌላ ቀን የፍል ውሃ ጠበል ልንለካ ሄድን። የቦታው አባት በዕድሜ የገፉ መነኩሴ ናቸው። መስቀላቸውን ይዘው ከበሩ ላይ ቆሙና «የእግዜርን ጠበል ልትመዝኑት ነው? አይሆንም!» አሉ። ጋሼ ይርጋ አልተከራከሩም። መስቀል ተሳለሙ፣ ገብተው ተጠመቁ፣ ከሰዉ ጋር ተቀምጠው ቆሎ ቀመሱ። ከሰዓት በኋላ መነኩሴው ራሳቸው መጥተው «ያ ነገራችሁ ውሃውን ያረክሰዋል?» ብለው ጠየቁ። ጋሼ ይርጋ «በጠበሉ ታጥቦ ይገባል አባቴ» አሉ። ተፈቀደልን። ለካን፤ ቁጥሩን ስንነግራቸው መነኩሴው ጥቂት አሰብ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ከወዲያኛው ሰፈር ፍል ውሃ ይበልጣል?» አሉ።

«አባቴ፣ እኔ የአንዱን ውሃ ገመና ለሌላው አላወጣም።»

መነኩሴው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ «መቼ ነው የምትመጡት?» ብለው የሚልኩብን እሳቸው ነበሩ።

እንዲህ እየሆነ ብዙ ዓመት በደስታ አለፈ። ግን ሁሉም ደስታ አልነበረም። ከእብናት ወዲያ፣ ደጋው ወደ ቆላ በሚሰበርበት በኩል፣ ቆቅ ውሃ የሚባል መንደር አለ። ስሙ ውሃ ቢሆንም የሚበቃ ውሃ አልነበረውም። ሴቶቹ በበጋ ገደል ወርደው ከሩቅ ወንዝ ነበር የሚቀዱት። በዚያን ጊዜ አዲስ ኃላፊ ተሹሞልናል፤ ወጣት ነው፣ ልቡ ቅን ነው፣ ሰው ተጠምቶ ማየት አይወድም። ቆቅ ውሃ ውስጥ ከኮረብታው ሥር የሚፈልቅ ምንጭ ስላለ፣ በበጋ ቢሳሳም ሲገነባ ይበቃል ብሎ፣ እሱን ገንብተን ቦኖ እንድናቆምለት ወሰነ። ጥቅምት ላይ ሄደን ለካን። ምንጩ ይንደቀደቃል። ማለዳና ቀትር ስንለካው ግን ሙቀቱ ትንሽ ተለዋወጠ። ትንሽ ነው፤ ግን ተለዋወጠ።

ጋሼ ይርጋ «ይህን ውሃ ገና አልተዋወቅነውም። በየካቲት መጥተን እንየው» አሉ።

ኃላፊው «ጋሼ፣ እስከ የካቲት ከቆየን ሲሚንቶው ይደርቃል፣ በጀቱም ይመለሳል፤ ሰዉስ ሌላ ዓመት ገደል ይውረድ?» አለ። እውነቱን ነበር። ጋሼ ይርጋ ቁጥሩን ደብተራቸው ላይ ጽፈው ዘጉት። ምንጩ ተገነባ፣ ቧንቧው ተዘረጋ፣ ቦኖው ቆመ። ቄሶቹ ባረኩት፣ ሴቶቹ እልል አሉ።

መጋቢት ላይ ደረቀ።

ጋሼ ይርጋና እኔ ልናየው ሄድን። ቦኖው ሥር ጀሪካኖች ተደርድረዋል፤ ማንም አላነሳቸውም። የቧንቧውን እጀታ ሳዞረው ደረቅ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። የሚጮህብን ሰው ስጠብቅ ነበር፤ ማንም አልጮኸብንም። የውሃ ኮሚቴው አባል የሆኑት እትዬ አበዛሽ፣ ጠንከር ያሉ ባልቴት ናቸው፣ ከገደሉ ጀሪካን አዝለው ሲወጡ አገኙን። ላባቸው ይንጠባጠባል። ጀሪካናቸውን አወረዱ፣ ከቤት ጣሳ አስመጡ፣ ከዚያው ከተሸከሙት ውሃ ቀድተው ዘረጉልን።

«ጠጡ» አሉ። «መንገደኛ ናችሁ።»

እኔ ጣሳውን ለመቀበል አፈርኩ። ጋሼ ይርጋ ግን ተቀበሉ። እምቢ ማለት ከዚያ የባሰ ንቀት መሆኑን ያውቁታል። በሁለት እጃቸው ይዘው እስከ መጨረሻው ጠጡ። ጣሳውን ሲመልሱ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። ደብረ ታቦር ደርሰን ከመኪናው ከመውረዳቸው በፊት «ውሃው ነግሮን ነበር» አሉ። «እኔ ነኝ ዝም ያልኩት።» ያን ቀን ብቻ ፊታቸው የሠርግ ፊት አልነበረም።

በቀጣዩ በጋ ወደ ቆቅ ውሃ ልመለስ ብለው ጠየቁ። ኃላፊው ያለ አንዳች ክርክር መኪናና ነዳጅ ሰጠን። መንደሩ ስንደርስ እትዬ አበዛሽ ከአጥራቸው በር ላይ ቆመው አዩን።

«ደግሞ ያንን ብልቃጥ ይዛችሁ መጣችሁ?»

«ይዘን መጣን እትዬ» አልኳቸው።

«ባለፈው ምን ነገራችሁና ነው?»

ጋሼ ይርጋ ቀድመውኝ «ነግሮን ነበር፤ አልሰማነውም» አሉ። «አሁን ልንሰማው ነው የመጣነው። ይፍቀዱልን።»

እትዬ አበዛሽ ነጠላቸውን አጥብቀው አሰሩና «እኔም አብሬ እሰማለሁ» አሉ።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ከመንደሩ በታች ትንሽ ጅረት አለ፤ በበጋ ከብት ስለሚረግጣት ደፍርሳ አትቀዳም፤ ትቀጥናለች እንጂ ግን ፈጽማ አትቆርጥም። ታች ያለ አንድ ነገር እየመገባት መሆን አለበት። በብርድ ወቅት ማለዳ ላይ የጅረቱ ውሃ ሌሊቱን ሙሉ ሲበርድ ስላደረ በጣም ቀዝቃዛ ነው። ከምድር ጥልቅ የሚወጣ ውሃ ካለ ግን በዚያ ቅዝቃዜ መሃል እሱ ብቻ ይሞቃል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ በባዶ እግር ጅረቱ ውስጥ እየገባን፣ ጥቂት እየተራመድን፣ ቆም እያልን፣ አቡነ ዘበሰማያት እየደገምን ለካን። ሁሉም ቦታ ቀዝቃዛ ነው። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ማለዳ እግሬ ደንዝዞ፣ ከንፈሬ ተንቀጥቅጦ፣ ከሾላው ዛፍ ሥር አሸዋው ላይ ስረግጥ ውስጥ እግሬን አንድ ነገር ነካኝ። ደነገጥኩ። እባብ መሰለኝ።

«ጋሼ! እግሬን... እግሬን የሚሞቅ ነገር ነካኝ!»

«እንዳትንቀሳቀሺ!» አሉ። እየተራመዱ ሳይሆን እየዘለሉ መጡ፤ ያን ያህል ዕድሜ ያለው ሰው እንዲያ ሲዘል አይቼ አላውቅም። ቴርሞሜትሩን ከእግሬ አጠገብ አሸዋው ውስጥ ተከሉት። አጎነበሱ። ጸሎቱን ጀመሩ፤ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል፤ አልቸኮሉም ግን። ሲጨርሱ ቀና አሉና ወደ እትዬ አበዛሽ ዞሩ።

«ይምጡ፣ እግርዎን ያስገቡ።»

«እኔ? በዚህ ብርድ?»

«ይምጡ እትዬ።»

ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡ። አንድ ሁለት ጊዜ በብርዱ ጮኹ። ከዚያ የእኔ ቦታ ላይ ሲደርሱ ጣቶቻቸውን አሸዋው ውስጥ ቀበሩ። «ወይ ጉድ!» አሉ ቀስ ብለው። «የሰው ገላ ይመስላል።» ከዚያ ወደ መንደሩ ዞረው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተጣሩ። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ጥለው ሮጠው መጡ። በየተራ እየገቡ እግራቸውን ይሞቃሉ፤ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትገፋለች፤ ይሳሳቃሉ። አንዲት ሙሽራ «ከዚህስ አልወጣም፣ ቁርሴን እዚሁ አምጡልኝ» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን።

ጋሼ ይርጋ ግን ያን ቀን ቁፋሮ አላስጀመሩም። ቀትር ላይ ተመልሰን ስንለካ ጅረቱ በፀሐይ ሞቋል፤ የሾላው ሥር ግን ያው ነው፤ አሁን እሱ ቀዝቅዞ ተገኘ። የካቲት ላይ መጣን፣ ያው ነው። መጋቢት ላይ፣ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ፣ ከብቱ ሁሉ ምላሱን አውጥቶ በሚያለከልክበት ጊዜ መጣን፤ ያው ነው። ያን ጊዜ ኃላፊው ራሱ አብሮን ነበር። ጫማውን አውልቆ ገባ፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጠበ። እትዬ አበዛሽ ዳር ቆመው ሲያዩት፣ «እናቴ፣ ባለፈው ያስቸኮልኩት እኔ ነኝ። በእነሱ አይዘኑ» አላቸው። እትዬ አበዛሽ «አሁን ውሃው ይውጣልኝ እንጂ አዝኜ ምን እጠቀማለሁ» አሉት።

ተቆፈረ። ወንዶቹ አሸዋውን ሲያወጡ፣ ከዚያም ድንጋዩን ፈንቅለው ሲያነሱ፣ ውሃው መጀመሪያ ድፍርስ ሆኖ ወጣ፤ ከዚያ ጠራ፤ እዚያው ከሾላው ዝቅ ብሎ አዲስ ቦኖ ቆመለት። ክረምቱ አለፈ፤ በጋው መጣ፤ የሁላችንም ልብ ተንጠልጥሎ ነበር። መጋቢት ገባ፤ ቦኖው ይፈስሳል። ፋሲካ ዋለ፤ ቦኖው ይፈስሳል። ከዚያ ወዲህ አንድም በጋ ተቋርጦ አያውቅም።

ጋሼ ይርጋ ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ጡረታ ወጡ፤ ሥራው በእኔ እጅ ሆነ። ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡትን ወጣቶች ይዤ በየወንዙ ዞርኩ፤ ጎበዞች ነበሩ፣ ከእነሱም ብዙ ተማርኩ። ዛሬ መለኪያው ወንዙ ውስጥ ተቀብሮ ቀን ከሌት ራሱ እየለካ ያስቀምጣል። ሰዎች ይህን ሲሰሙ የሚያሳዝነኝ ይመስላቸዋል። ምን ያሳዝነኛል? ጉና ሥር በአመዳይ የደነዘዘ እግሬ ቢናገር ኖሮ ፈጣሪውን አመስግኖ አይጨርስም ነበር።

ዘንድሮ ጥር ላይ እትዬ አበዛሽ በልጃቸው ስልክ ደወሉልኝ። «ለጥምቀት ካልመጣችሁ ቂም እይዛለሁ፤ ያንን ሽማግሌም ይዘሽው ነይ» አሉኝ። ድሮ የቆቅ ውሃ ታቦት ለጥምቀት የሚወርደው ገደሉን አቋርጦ ወደ ሌላ ደብር ወንዝ ነበር፤ ካህናቱ በእንግድነት፣ ሕዝቡም ከኋላ ቆሞ ነበር የሚያከብረው። አሁን ከሾላው ሥር የሚተርፈውን ውሃ ወጣቶቹ ለከተራ በድንጋይና በጭቃ ይገድቡታል፤ ታቦቱም በገዛ መንደሩ ውሃ ዳር ያድራል።

ጋሼ ይርጋ ሰማንያን ተሻግረዋል። ከደብረ ታቦር እስከ እብናት በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ ሄድን፤ መንገዱ ሲያልቅ የመንደሩ ልጆች በቅሎ ይዘው ጠበቁን። ሌሊቱን ከበሮው ሲመታ አደረ። ማለዳ ካህናቱ ውሃውን ባርከው ሲጨርሱ ሕዝቡ ወደ ግድቡ ተመመ። ጋሼ ይርጋን በግራና በቀኝ ደግፈን ዳር አደረስናቸው። እትዬ አበዛሽ ወገባቸው ጎብጧል፤ ጉልበታቸው ግን አለ። ሰዉን በክርናቸው ሰንጥቀው መጡ፣ በጣሳ ሙሉ ቀዱ፣ ሳይጠይቁ የጋሼ ይርጋን ባርኔጣ አንስተው መላጣቸው ላይ ለቀቁት።

ሴቶቹ እልል አሉ። ውሃው በግንባራቸው፣ በጢማቸው፣ በአንገታቸው ወረደ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣

«ጋሼ፣ ሙቀቱ ስንት ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ሳይገልጡ ፈገግ አሉ።

«ልክ ነው» አሉና ለሁለተኛው ጣሳ ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ።